ከማንኪያ የተሠራው አሳ

ሳሪስ አቦ ገበያ፣ አንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ በር ላይ፣ የሾርባ ማንኪያ አንስቼ ወደ ፀሐይ አዘነበልኩት። ጎድጓዳው ብልጭ ሲል የተሞረደ ብረት ሽታ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መጣብኝ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ቶላ ከብረታ ብረት ፋብሪካ ጡረታ ወጥተው፣ አቃቂ ግቢያችን ውስጥ ከማንኪያ አሳ ይሠሩ ነበር። እጀታውን ይቆርጣሉ፣ ጫፉን ይበሳሉ፣ መንጠቆ አስረው በአውራ ዶሮ ላባ ይሸፍኑታል። አምባዛ ትንሽ አሳ መስሎት እንዲውጠው ነው። እኔም የራሴን ሠራሁ። የውሃ በርሜሉ ውስጥ በክር ስጎትተው ግን ቀጥ ብሎ መጣ።

"ይሄ የሞተ አሳ ነው" አሉኝ። "የማይሸሽ ነገር ማን ያባርራል? ድገሚው።"

ጣቴ እስኪላጥ ደጋገምኩት። በአምስተኛው ቀን ግራ ቀኝ እየተወላገደ ዋኘ። ጋሼ ኮፍያቸውን አጠለቁና ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይዘውኝ ሄዱ። ገና በመጀመሪያው ውርወራ የእምቦጭ ሥር ያዘው። እልህ ይዞኝ ስጎትት ክሩ ተበጠሰ። አለቀስኩ።

"እጅሽም አብሮ ገባ እንዴ?" አሉኝ ውሃውን እያዩ።

ቤት እንደደረስን ሞረዱን ራሴ አነሳሁ።

ያ የጠፋው ማንኪያ አምባዛ ያታልል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

"እህቴ፣ ለሾርባ ነው?" አለኝ ባለሱቁ፣ ማንኪያውን ሳገላብጥ አይቶ።

"ለአሳ ማጥመጃ ነው" አልኩት። "ሁለት አድርገው፤ አንዱ ውሃ ውስጥ ይቀራል።"