ጦይባ፣ እድሩና ራዲዮው

ከአቦቦ ወጣ ብላ በምትገኘው መንደር ዘጠኝ ጦይባን የማያውቅ አልነበረም። በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ ከመጡት አንዷ ናት። በቆሎና ማሽላ እያረሰች ሚስኪ የምትባል አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ድምፅዋ ግን ከማሳ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ከሰው ጋር መጣላት አትወድም። እምቢ ካለች ግን አበቃ፣ ሽማግሌ ቢላክባትም ከቃሏ ንቅንቅ አትልም።

ባሏ የሞተው በመጡ በሁለተኛው ክረምት በወባ ነው። ትኩሳቱ ራሱን አስቶት ሲቃዥ፣ እስከ መኪና መንገዱ የሚሸከምላት ሰው ፍለጋ ጭቃውን እየረገጠች ከቤት ቤት ዞረች። ገሚሱ ራሱ ታሞ ተኝቷል። ገሚሱም ገና እርስ በርሱ አይተዋወቅም፣ ለማያውቀው ሰው ማን ይነሣል? በመጨረሻ ሸካሚ ይዛ ስትመለስ ባሏ አልፏል።

ቆይቶ መንደሩ እድር ሊያቋቁም ሲሰበሰብ፣ ጦይባ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች።

"ለሬሳ ብቻ ከሆነ እኔ የለሁበትም። የታመመውን የሚሸከም፣ የመኪናና የሐኪም ቤት ወጪውን የሚችል እድር ከሆነ ግን ስሜን ጻፉ" አለች።

ክርስቲያኑም እስላሙም ተስማማ። እድሩ ቃሬዛ አሠራ። ከወርሃዊው መዋጮም ለበሽተኛ እየተባለ ይቀመጥ ጀመር። ዳኛ ሆነው የተመረጡት ጋሽ ገሠሠ ነበሩ። ቆጣቢና ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው፣ በእሳቸው ዘመን ከእድሩ ሣጥን ሳንቲም ጠፋ ተብሎ አያውቅም።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለመንደሩ ጤና ኬላ የመገናኛ ራዲዮ ሰጠ። ኬላውን የሚሠራው የአካባቢው ተወላጅ ኦኬሎ ነው፤ አኙዋ ነው፣ አማርኛውን የተማረው ሥራ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ዶክተር ቤርሳቤ የምትባል ሐኪም ከሩቅ ከተማ በራዲዮው ትገባለች። በሽተኛው ኦኬሎ አጠገብ ተቀምጦ ሕመሙን ይናገራል፣ እሷ እየጠየቀች ትመክራለች። መድኃኒቱ ኬላው ውስጥ ካለ ኦኬሎ ይሰጣል። ከአቅም በላይ ከሆነም "ወደ ሆስፒታል" ትላለች። ድርጅቱ ግን የባትሪውንና የጥገናውን ወጪ ለዘለቄታው አልችልም ስላለ የራዲዮ ማኅበር ተቋቋመ። አባል የሆነ ቤተሰብ በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፣ ሲታመም ሐኪሟን ያነጋግራል። ጦይባ በመጀመሪያው ቀን ገባች።

ይሄ ለጋሽ ገሠሠ አልተዋጠላቸውም። የእድሩን ስብሰባ ጠርተው ዋርካው ሥር ቆሙ።

"ሴትዮዋ በሽተኛውን በዓይኗ አታየው፣ በእጇ አትዳስሰው" አሉ። "ራሱን ያመመውን ሁሉ 'ጋምቤላ ሂድ' ባለች ቁጥር መኪና ስንከራይ እድሩ ባዶውን ሊቀር ነው። ራዲዮ ያለው በራዲዮው ይታከም፣ እድር የፈለገ ደግሞ ራዲዮውን ይተው። አንዱን ምረጡ።"

ጭብጨባው ሞቅ አለ። ጦይባ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቃ ተነሣች።

"ጋሽ ገሠሠ፣ ራዲዮው ጭቃ ላይ ይሸከመኛል?"

"አይሸከምሽም።"

"እድሩስ ምን እንደያዘኝ ያውቅልኛል?"

"እድር ሐኪም ነው እንዴ?"

"እኮ! አንዱ ሕመሜን ይነግረኛል፣ አንዱ ያደርሰኛል። ሁለቱንም ይዤ እቀመጣለሁ እንጂ ከአንዱም አልወጣም።"

"የጉባኤ ውሳኔ ነው፣ ጦይባ!"

"የናንተ ነው። እኔ አልወሰንኩም።"

ብዙዎቹ የራዲዮውን ማኅበር ተዉት። ጦይባ ግን የወሩ ስብሰባ በደረሰ ቁጥር ትመጣለች። መዋጮዋን አንቀበልም ሲሏት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ማታ አንድ ሰው ገንዘቡን መልሶ ያመጣላታል። በሚቀጥለው ወር ከአዲሱ መዋጮ ጋር ጨምራ ታመጣዋለች። ጎረቤቶቿ ይስቁ ነበር፣ እሷ ግን አትስቅም። እድሩ ከባሏ ሞት የተረፋት ነገር ነው፤ ከእሱ ተነሺ የሚላት ሰው አልታያትም።

ሐምሌ ላይ ሚስኪ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። አንድ ጠዋት ፊቷ አባብጦ፣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ተነሣች።

"እማ፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል" አለች።

ጦይባና የሚስኪ ባል ፈይሰል ደግፈው ኬላ አደረሷት። ኦኬሎ የደም ግፊቷን ለካ፣ ደግሞ ለካ። ፊቱ ሲለዋወጥ ጦይባ አየችው። ወዲያው ራዲዮውን ከፈተ።

ከራዲዮው ጫጫታ መሀል የዶክተር ቤርሳቤ ድምፅ መጣ። ኦኬሎ የለካውን ነገራት። እሷም ጥያቄዋን አከታተለች፦ ራሷን ያማታል? እይታዋ ይደበዝዛል? ከደረቷ በታች ሕመም አላት? ጦይባ አንድ በአንድ መለሰች።

"እናትዬ፣ በደንብ ስሚኝ" አለች ሐኪሟ። "ይሄ እሷንም ልጇንም ሊገድል የሚችል የእርግዝና ደም ግፊት ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት አለባት። ነገ አይባልም። በግራ ጎኗ አስተኝታችሁ ውሰዷት፣ ኦኬሎም አብሮ ይሂድ። ጋምቤላ ላሉት ሐኪሞች አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ፣ ይጠብቋችኋል። ጨረስኩ፣ ኦቨር።"

ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ የመንደሩ መንገድ መኪና አያስገባም። ሚስኪን እስከ ዋናው መንገድ መሸከም ያስፈልጋል። ጦይባ ልጇን ለኦኬሎ ትታ እየሮጠች ጋሽ ገሠሠ ቤት ደረሰች። የእድሩ ቃሬዛ የሚቀመጠው እሳቸው ግቢ፣ ጎተራው ሥር ነው። ሽማግሌው ከአራት የእድሩ ሰዎች ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

"ሚስኪ ልትሞትብኝ ነው። ሸካሚና ቃሬዛ ስጡኝ" አለች።

"ማን ነው ልትሞት ነው ያለሽ?"

"ሐኪሟ።"

ጋሽ ገሠሠ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። "ይኸው፣ ያልኩት ይሄ አይደለም? ራዲዮው ባለ ቁጥር ልንነሣ ነው። ጦይባ፣ አዝናለሁ፣ ውሳኔ አለብን። ለአንቺ ያፈረስነው እንደሆነ ለነገው ምን እንላለን?"

ጦይባ ልትለምን ነበር የመጣችው። ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅም አስባ ነበር። "ለነገው" የሚለውን ስትሰማ ግን ልመናው ከአፏ ጠፋ። በአጠገባቸው አልፋ ጎተራው ሥር ገባችና ቃሬዛውን ጎትታ አወጣች።

"አንቺ ሴት! የማኅበር ንብረት ነው፣ ሌባ ልትባዪ ነው!"

"በሉኝ! ይሄ ቃሬዛ የተሠራው ባሌን የሚሸከም ስላጣሁ ነው። ልጄን ሳላደርስበት ከእጄ የሚነጥቀኝ ካለ ይምጣ!"

ሰዎቹ አቀርቅረው ቀሩ። ከቤት ብቅ ብላ የደረሰችላት የጋሽ ገሠሠ ሚስት እታገኝ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሠረችና የቃሬዛውን ሌላ ጫፍ ያዘች።

"እታገኝ!" አሉ ባሏ።

"ስመለስ ትቆጣኛለህ" አለች፣ ወደ ኋላም ሳትዞር።

ሚስኪን በግራ ጎኗ አስተኝተው ወጡ፤ ከፊት ፈይሰልና ኦኬሎ፣ ከኋላ ጦይባና እታገኝ። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። በዚያ መንደር ሴት ቃሬዛ ስትሸከም ታይቶ አያውቅም። ሰው ከየደጁ ብቅ እያለ ያይ ነበር። ከማሳ የሚመለሱ ጎልማሶች እታገኝን ሲያዩ ሞፈራቸውን ጥለው ሮጡ። በረንዳ ላይ ከነበሩት ሁለቱም ደረሱ። ከጦይባ እጅ ቃሬዛውን ሊቀበሏት ቢሉ እምቢ አለች፣ ዋናው መንገድ እስኪደርሱ አልለቀቀችም።

በአካባቢው ካለው የመንግሥት እርሻ ልማት የሚመለስ የጭነት መኪና አገኙ። ጋምቤላ ሲገቡ ሚስኪ ሰው መለየት ትታለች። ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ነርሶቹ ግን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ስለነበር፣ "ማን ናት? ምን ሆነች?" ያለ ሰው አልነበረም። ከቃሬዛው ላይ አንሥተው በቀጥታ አስገቧት።

ሚስኪ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ጦይባ የልጅ ልጇን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ጊዜ አቀፈችው፣ ከዚያ ለፈይሰል ሰጠችው። ከሰዓት በኋላ ባሮ ወንዝ ዳር ወርዳ የተጨማለቀ ልብሷን ስታጥብ፣ እዚያ ያሉ ሴቶች ጀርባዋን እየዳበሱ ያጥቡላት ነበር። ያን ቀን ብቻ ነው ያለቀሰችው።

መንደር ስትመለስ እድሩ ጠራት። አንዳንዱ "እንግዲህ ሕፃኑ ሞተ፣ ራዲዮው ምን ፈየደ?" ይል ነበር። ጋሽ ገሠሠም ቃሬዛ ያለፈቃድ ስለወሰደች ቅጣት እንደተጣለባት ተናገሩ።

"አልከፍልም" አለች ጦይባ። "ልጄ ቤት ተኝታ ሾርባ እየጠጣች ነው። በራዲዮ ባይነገረኝ ራስ ምታት ነው ብዬ አስተኛት ነበር። ቃሬዛው ባይኖር መንገድ ላይ ትቀርብኝ ነበር። የመኪናውንም የሆስፒታሉንም ወጪ እድሩ ይክፈል፣ አባል ነኝ። ከፈለጋችሁ አሁን እጅ ይውጣና ይታይ።"

እጅ ወጣ። እታገኝ ከባሏ ፊት ለፊት ተቀምጣ እጇን ቀድማ አነሣች። ብዙ እጅ ተከተላት። ወጪው እንዲከፈል፣ ቅጣቱ እንዲነሣ፣ የራዲዮ አባል የሆነም ከእድር እንዳይወጣ ተወሰነ። ጋሽ ገሠሠ የእድሩን ሣጥን ቁልፍ አስቀምጠው ከዳኝነቱ ወረዱ።

ሰው ሊበተን ሲል ጦይባ አሁንም አልተቀመጠችም።

"አንድ ነገር ቀርቷል። ኦኬሎ ልጄን ተሸክሟል። እሱ ሲታመም ማን ይሸከመዋል? ይመዝገብ።"

እድሩ የሰፋሪ ነው፣ ደንቡ አይፈቅድም ተባለ። እሷም ደንቡ ይለወጥ አለች። ክርክሩ ከስብሰባ ስብሰባ ሲንከባለል ከርሞ፣ መስከረም ጠብቶ መስቀል ሲያልፍ ኦኬሎ ገባ።

ጋሽ ገሠሠ ከዚያ ወዲህ ጦይባን መንገድ ላይ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ማሽላው ያዞራሉ። እሷም ሆን ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ገሠሠ!" ትላቸዋለች፣ መልሱን እስኪመልሱ ድረስም ቆማ ትጠብቃለች።