የባዶው ወንበር እንግዳ

ትናንት ከእህቴ ጋር በእናታችን ቤት ጉዳይ ስንጨቃጨቅ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ሲጥ አለ።

ትዝ ያለኝ ጀጎል ውስጥ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የተጣሉ ልጆችን የምናስታርቀው እኛው ተማሪዎች ነበርን። አንድ ቀን ኑሪያና ሃያት በተቀደደ ሻርፕ ተጣልተው መጡ። ጠመኔ በሚሸተው ክፍል ስናስቀምጣቸው፣ ዘበኛው አባ ዩሱፍ ትርፍ ወንበር አመጡ።

«ለማን ነው፣ አባ?»

«እርቅ ባለበት አንድ ትልቅ ሰው ይመጣሉ። አይታዩም፤ ቦታ ግን ይሻሉ።»

ኑሪያ «ወላሂ ሻርፕሽን አልነካሁም» ማለት ስትጀምር፣ ዓይኗ ባዶው ወንበር ላይ ተተክሎ ቀረ። ወደ ሃያት ዞረች።

«እኔ ነኝ የቀደድኩት። አፉ በይኝ።»

ሲተቃቀፉ ወንበሩ፣ ሽማግሌ ሲነሳ እንደሚሆነው፣ ሲጥ አለ። አባ ዩሱፍ በሩ ላይ ሆነው «ሄዱ» አሉ።

የትናንቱ ድምፅ ግን የመነሳት አልነበረም። እኚያ ትልቅ ሰው መቀመጣቸው ነበር።