ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ያልተሻገሩት ስሞች

በድርቁ ዘመን ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የእርዳታ ድርጅት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ቤቴ ደሴ ስለነበር ጠዋት በሠራተኛ መኪና የሐረጎን ተራራ ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። የምሠራው በኮምፒውተር ነበር። ያን ጊዜ ኮምፒውተር በዓይኑ ያየ ሰው በአገሩ በጣት የሚቆጠር ነው። የእኛው፣ ረጂዎች ከውጭ የላኩት፣ ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚጽፍ ከባድ ሣጥን ነው። አማርኛ አያውቅም። በድርጅታችን የድርቅ መጠለያ አልፈው ወላጅ ያልተገኘላቸውን ልጆች ስም፣ የመጡበትን ቀበሌ፣ የሰውነታቸውን ምልክትና የተላኩበትን ማሳደጊያ በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍን ዲስክ ላይ አስቀመጥን። ልጁን ፍለጋ የሚመጣ ሰው ስሙን ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ መሣሪያው አለ ወይም የለም ይላል።

ድርቁ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ኮምፒውተር መጣ። ሊተክለው ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ጨዋ ወጣት ነበር። አሠራሩን እንዲያሳየኝ አንዱን ዲስክ ከአሮጌው አውጥቼ አዲሱ ውስጥ ከተትኩት። መሣሪያው ትንሽ አጉረመረመና አንድ መስመር ጻፈ፤ ዲስኩ ባዶ ነው፣ እንደ አዲስ ላዘጋጀው ወይ? ይላል። የእሺታውን ፊደል ልነካ ስል ባለሙያው እጄን ያዘኝ።

"ተይ! ከነካሽው ሁሉንም ያጠፋዋል።"

"ባዶ ነው እያለ?"

"ባዶ የሆነው ለእሱ ነው። የሁለቱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለት ውስጥ ሆኖ የሚያዛቸው ዋናው ፕሮግራም፣ የተለያየ ነው። አሮጌው የጻፈውን አዲሱ ማንበብ አይችልም።"

"ታዲያ ስሞቹ በምን ይሻገራሉ?"

"በእጅሽ" አለኝ።

ኃላፊያችንን ነገሩ ብዙም አላስጨነቃቸውም። "ልጆቹ ከተላኩ ቆዩ፤ ድምራቸው ሪፖርት ላይ ገብቷል። አሮጌው ከሁለት ሳምንት በኋላ ለረጂዎቹ ይመለሳል" አሉ። በሁለቱ ሳምንት ስሞቹን ልገልብጥ ብዬ ለመንኳቸው። "ሥራሽን ካልበደልሽ የራስሽ ጉዳይ ነው" አሉኝ።

የረዱኝ የመጋዘኑ ጸሐፊ ናቸው። ቀድሞ አስተማሪ የነበሩ፣ ወሎን ወረዳ በወረዳ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን አስቀመጥን። እሳቸው ከአሮጌው መስታወት ላይ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ አዲሱ ላይ እጽፋለሁ። ለዙሁር ሶላት ሲነሱ ጣቶቼን አፍታታለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ሁለታችንም እስኪመጣ እንጠብቃለን። ከስሞቹ ብዙዎቹ የተጣመሙ ነበሩ። "እንዲህ የሚባል ስም በእኛ አገር የለም" ይሉና ጥቂት አስበው ያቃኑታል። አንዳንዴ አንብበው ሲጨርሱ "ያ ረቢ" ብለው ይተነፍሳሉ።

በስድስተኛው ቀን አንድ መስመር ላይ ቆሙ።

"ይችን ማን ነው የጻፋት?"

ቀና ብዬ አየሁ። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ የጻፈው ሰው ምልክት አለ፤ ይኼኛው የእኔ ነበር።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ስሟን በእንግሊዝኛው ጄ ፊደል ጀምረሽዋል። በዜድ ነው።" የልጅቷን ስም ከነአባቷ አቃንተው ጠሩት። ቀጥለው የሰውነቷን ምልክት አነበቡ፦ ግራ እጇ ላይ የእሳት ጠባሳ፣ የመጣችበት ቀበሌ ገራዶ።

አባቷን አወቅኋቸው። ሚስታቸውን ሊቀብሩ ሲሄዱ የታመመች ልጃቸውን መጠለያው ውስጥ ትተው፣ ሲመለሱ ያጡ ገበሬ ናቸው። ሦስት ጊዜ መስኮቴ ላይ ቆመዋል። ጠባሳውንም ነግረውኛል፤ እኔ ግን ስሙን ብቻ ጽፌ፣ "የለችም አባባ፣ መሣሪያው የለችም ይላል" ብዬ ሦስት ጊዜ መልሻቸዋለሁ። በመጨረሻው ቀን "መሣሪያው ያውቃታል ወይ?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ያን ጊዜ ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ።

እሁድ ከሽማግሌው ጋር ገራዶ ሄድን። የመንደሩ ሰው ወደ ሩቅ አገር ለሰፈራ ሊመዘግቡን መጡ ብሎ ፊት ነሳን፤ ሽማግሌው በአላህ ምለው ካስረዱ በኋላ ነው የመሩን። ሰውየው የማሳ ካብ ሲጠግኑ አገኘናቸው። ሰላምታው እንዳለቀ ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

"አባባ፣ ልጅዎ መዝገቡ ላይ ነበረች። ስሟን አሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

የያዙትን ድንጋይ ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ነበረች ነው የምትይኝ፣ አለች?"

"ሸዋ ወዳለ ማሳደጊያ በሕይወት ተልካለች። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቅም።"

"ሞታለች ብዬ ሰደቃ አውጥቼላታለሁ" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሽማግሌው። ከዚያ ኋላ ካቡ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።

አባትየው ለመንገዱ የይለፍ ወረቀት ከገበሬ ማኅበሩ እስኪያገኙ ቀናት ፈጀ። ሽማግሌው ከሥራ ፈቃድ ወስደው አብረዋቸው ሄዱ። ያን ሰሞን የማነበውም የምጽፈውም እኔው ብቻዬን ሆንኩ። ቀኑ ሲደርስ ግማሽ ያህሉን እንኳ አልጨረስኩም ነበር። ሁለት ሠራተኞች አሮጌውን መሣሪያ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጭነት መኪና ላይ አወጡት። ያልተገለበጡት ዲስኮች ቁም ሣጥን ውስጥ ቀሩ፤ የሚያነባቸው መሣሪያ ከዚያ ወዲያ አላገኘሁም። ከሥራው ስለቅም ቆጥሬ በፊርማ አስረከብኳቸው።

ሁለቱ ሰዎች ልጅቷን ይዘው ሲመለሱ መጀመሪያ ቢሮ አመጧት። ሰባት ዓመት ይሆናታል፤ ፀጉሯ አጥሮ ተቆርጧል። የሽማግሌውን ኮት ጫፍ ይዛለች እንጂ አባቷን አልያዘችም። ጎንበስ ብዬ "አባትሽ ናቸው እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ ነገሩኝ" አለች።

አባትየው "ትለምደኛለች ኢንሻአላህ" አሉ፤ ብርቱካን ልጠው ሰጧት። ተቀብላ ሳትበላ ያዘችው።

በዓመቱ ደሴ ገበያ ላይ አየኋቸው። እሳቸው የእህል ስልቻ ተሸክመዋል፤ እሷ ከፊታቸው እየሄደች ሰው ታስለቅቅላቸዋለች። "አብዬ፣ በዚህ በኩል" ስትል ሰማኋት። ልጠራቸው አሰብኩና ተውኩት። በሕዝቡ መሀል እስኪሰወሩ ቆሜ አየኋቸው፤ ከዚያ የጠዋቱ የሠራተኛ መኪና እንዳያመልጠኝ ቸኮልኩ።