ሲመለስ ባዶውን

ድሮን ለማብረር የጠየቅነው ፈቃድ ገና ስላልመጣ፣ የዚያን ቀን ድሮኑ እኔ ነበርኩ። ከጓደኛዬ ጋር ለድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልግ መድኃኒት በድሮን የሚያደርስ ድርጅት ለማቋቋም የሥራ ዕቅድ እየጻፍን ነበር። ጤና ጣቢያዎች የመድኃኒቱን ሳጥን እንዴት እንደሚረከቡ ማየት ስለፈለግን፣ በመድኃኒት ፈንታ የውሃ ጠርሙስ ሞላሁበትና ከቀበና ተነስቼ እንጦጦን በእግሬ ወጣሁ።

እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በዕድሜ ገፋ ያሉ አንዲት ነርስ ግን የደም ናሙና ወደ ከተማ ላቦራቶሪ የሚወስደው ሰው መስያቸው፣ «ዛሬም ቆየህ!» ብለው ተቀበሉኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቁ። ሳጥኑን ከፍተው ጠርሙሶቹን አወጡና፣ ከግቢው ጦስኝ ቆርጠው ይሞሉበት ጀመር።

«ሲስተር፣ ምን እያደረጉ ነው? ሲመለስ እኮ ባዶውን ነው!» አልኩ ቆጣ ብዬ። ዕቅዳችን እንደዚያ ነው የሚለው፤ ክብደቱን ያሰላሁትም እኔ ነኝ።

«ዕቃ አምጥተህልኝ ባዶውን ልመልስልህ? ምን ቆርጦኝ!»

ሳጥኑን ታቅፌ እያጉረመረምኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ወደ ከተማ የሚወስዳቸው ሰው የሚጠብቁት የደም ናሙናዎች ትዝ አሉኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እኛ ለካ በየቀኑ አጠገባቸው ደርሰን ባዷችንን ልንመለስ ነበር ያቀድነው!

ቢሮ እንደገባሁ ከጓደኛዬ ጋር «ሲመለስ ባዶውን» የሚለውን ከዕቅዱ ሰርዘን፣ ለድሮኑ መልስ ጉዞ የደም ናሙናውን ጫንንበት። ፈቃዱን አሁንም እየጠበቅን ነው። ሳጥኑ ግን ባጥበው ባጥበው ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ማጠቡንም ትቼዋለሁ።