የሱቁ ግድግዳና ሁለቱ ቢሮዎች

የተወለድኩበት ቤት ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ ነው። አያቴ ናቸው ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ከተማ፣ መንገድ ዳር ያሠሩት። ቋሚዎቹ ወይራና ጽድ ናቸው፤ ግድግዳው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የከረመ ጭቃ። ሱቁ ፊት ለፊት ሰፋፊ የሳንቃ መዝጊያዎች አሉት። ጠዋት ወደ ላይ ተቀልብሰው በዱላ ሲደገፉ ለገበያተኛው ጥላ ይሆናሉ። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ሱቁንና ቤቱን በሚለየው ግድግዳ ላይ ደግሞ መዳፍ የምታህል መስኮት አለች። እናቴ ጓዳ ሆና ወጥ እያማሰለች በዚያች ታይ ስለነበር ደንበኛ ሁለት ጊዜ ተጣርቶ አያውቅም።

እኔ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሱቁን የያዘችው እናቴ ብቻዋን ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገዱ ጠጠር ሲለብስ ከፍ አለና ቤታችን ዝቅ ብሎ ቀረ። ቦዩንም ወደኛ አጥፈው ስላወጡት ውሃው የጎኑን ግድግዳ እግር ይበላው ጀመር። አንድ ሚያዝያ ላይ እናቴ ደውላ፣ “ግድግዳው ሆዱን እየነፋ ነው” አለችኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። የግድግዳው ስንጥቅ ቡጢዬን ያስገባል። በወጣትነታቸው ከአያቴ ጋር ቤቱን የመረጉትን ሽማግሌ ጠራኋቸው። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳመጡት።

“ጭቃው ጤነኛ ነው” አሉ። “የበሰበሰው እግሩ ነው። ሦስት ቋሚ እንቀይር፣ ከሥሩ ድንጋይ እናስገባ፣ ከዚያ እንምረገው። ግንቦት ሳይወጣ ያልቃል።”

“መጀመሪያ ፈቃድ ላውጣ፣ አባባ።”

“ለምርጊት?”

“ዘመኑ ነው። ኋላ አፍርሱ እንዳይሉን።”

“አንተ ካልክ፣ መምህር” ብለው ልብሳቸውን አራገፉ።

ማዘጋጃ ቤት የተቀበለኝ ሰውዬ ወንበር ስቦ ሰጠኝና የከተማውን ፕላን ዘረጋ። “ቦታው ዋና መንገድ ዳር ነው። ጭቃ ቤት ማደስ አይፈቀድም። ወይ ከመንገዱ ርቃችሁ በብሎኬት ሥሩ፣ ወይ እንዳለ ይቆይ።”

“እንዳለ ከቆየ ይወድቃል።”

“እሱ የእርስዎ ውሳኔ ነው።”

አንድ ጓደኛዬ ባህል ቢሮ ሞክር አለኝ። ከቢሮው አንዲት ወጣት ባለሙያ ቤቱን ልታይ መጣች። ሳንቃዎቹን ለካች፣ ማገሩን ፎቶ አነሳች፣ በትንሿ መስኮት አጮልቃ ሳቀች። እንደሷ ቤቱን የወደደው ሰው አላየሁም። ስትወጣ ግን እንዲህ አለችኝ፦ “ቅርስ ነው። ሳይጠና አንድ ሳንቃ እንዳትነኩ።”

“የተነፋውን ግድግዳስ?”

“እሱንም። አጥኚ ቡድን ይመጣል።”

“መቼ?”

“ደብዳቤ ጽፈናል።”

ከሄደች በኋላ እናቴ፣ “ልጅቷ ቤቱን ወዳዋለች” አለች። “ዝናቡም ይወደዋል።”

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። የኔ ሁለት ባላዎች እርስ በርሳቸው ይገፋፉ ነበር። ማዘጋጃ ቤት “ቅርስ መሆኑን በደብዳቤ ያሳውቁን” ይለኛል፤ ባህል ቢሮ “ማዘጋጃ ቤት እንደማያፈርሰው ያረጋግጥልን” ይለኛል። ዓርብ ዓርብ ክፍል እንደጨረስኩ ወደ ሚኒባስ እሮጣለሁ። ስደርስ ፈራሚው ስብሰባ ነው፤ በሳምንቱ ሥልጠና ሄዷል፤ በሌላው ማኅተሙን የያዘችው ለቅሶ ላይ ናት። ግንቦት አለቀ። ሰኔም ገባ። በየጉዞዬ ግድግዳውን ሳየው ትንሽ ተጨማሪ ወደ ውጭ ዘንበል ብሏል።

ሐምሌ ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ግድግዳው ወደ ውጭ ተዘረገፈ። እናቴ ባንኮኒ ላይ ሆና ለአንዲት ሴት ጨው እየሰፈረች ነበር። ማንንም አልነካም። ሰምቼ ስደርስ የአያቴ ቤት ጎኑ ተከፍቶ ከነአልጋው፣ ከነልብስ ሣጥኑ ለመንገደኛ ይታያል። እናቴ በሕይወቷ ከባንኮኒው ወዲህ ባዕድ አሳልፋ አታውቅም። ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

“መውደቁስ ይወድቃል” አለችኝ ሳትዞር። “ሰው ሁሉ መኝታዬን አየው።”

ጎረቤቶች ባመጡት ላስቲክና ቆርቆሮ ጋረድነው። ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ እንሂድ ብላት እምቢ አለች። ሰኞ የወደቀውን ግድግዳ ፎቶ ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው አይቶ ከልቡ አዘነ። ከዚያ፣ “አሁን እኮ እድሳት መሆኑ ቀርቷል። የወደቀ ስለሆነ አዲስ ግንባታ ነው፤ አዲስ ማመልከቻ ያስፈልገዋል” አለኝ። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ጥቅምት ላይ ማንንም ሳልጠይቅ ሽማግሌውን ጠራሁ። የሰፈሩ ሰው በደቦ መጣ። ጽድ ከየትም ስላልተገኘ ባሕር ዛፍ አቆምን። ሱሪያችንን ሰብስበን ጭቃውን በእግራችን ረገጥን። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ፤ ሦስቱንም ቀን ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር። አስቁሙ ብሎ ለሚመጣው ሰው የምመልሰውን በልቤ ሳዘጋጅ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ራሱ በባጃጅ መጣ። ጭቃ መርገጤን አቆምኩ። እጁን አውጥቶ ሰላም አለኝና አለፈ።

ሌላ ማንም አልመጣም። አጥኚ የተባለው ቡድንም እስከ ዛሬ አልመጣም።

የመጨረሻው ቀን ሽማግሌው እግራቸውን እየታጠቡ፣ “በሚያዝያ ቢሆን እኮ የዱሮው ግድግዳ ይተርፍ ነበር” አሉኝ። “ይኼ ባሕር ዛፍ ምስጥ እስኪያገኘው ነው።”

ባህል ቢሮውን፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ ቦዩን ወደኛ ያዞሩትን ሰዎች ስረግም ከርሜ ነበር። ያን ቀን ግን የተናደድኩት በራሴ ነው። ሽማግሌው በሚያዝያ ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አልከለከላቸውም።