ባልሽ ውሃ ጠጣ?

ባለቤቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ከነመኪናው ወደ ሰሜን ግንባር እንዲሄድ ሲታዘዝ ጋምቤላን ገና መልመዳችን ነበር። ለእኔ የተወልኝ አንድ ተክል ነው። ከጎሬ ሲመለስ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦ ያመጣው፣ ቅጠሉ ሰፋፊ፣ አረንጓዴው ላይ ነጭ የተረጨበት ዥንጉርጉር። ስሙን እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። "ስመለስ ከነነጩ ላግኘው" ብሎኝ ሄደ። እንዲህ ያለ አደራ ይሰጣል? ልብሴን ጠብቂ ቢለኝ ሳጥን ነበረኝ።

በዚያ ሙቀት ቅጠል ቤት ውስጥ ማኖር ቀላል አይደለም። መስኮት አጠገብ ሳስቀምጠው መጀመሪያ የሚቃጠለው ነጩ ነው፤ ጠርዙ ይደርቅና ሲነኩት ይሰበራል። ጓዳ ሳስገባው ደግሞ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ድፍን አረንጓዴ ሆኖ አረፈው። ከመስኮት ጓዳ ሳመላልሰው፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግለት፣ የባሮን ውሃ አጥልዬ ሳጠጣው እውላለሁ። በዚህ መሐል የባለቤቴ ደብዳቤ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ተክሉ ከሞተ እሱም ይሞታል የሚል ነገር ልቤ የገባው። ጤና ረዳት ነኝ፤ ይህን ከታማሚ አፍ ብሰማው እቆጣ ነበር። ግን ገባ፣ ገብቶም አልወጣ አለኝ።

ጎረቤቴ የአገሩ ተወላጅ፣ አኙዋክ ናት። አማርኛን ገበያ ላይ ነው የተማረችው፤ ስትናገረውም አትፈራም። ተክሉን ስንከባከብ በአጥር በኩል ታየኝና ትስቃለች።

"እህቴ፣ ባልሽ ውሃ ጠጣ?"

ያናድደኝ ነበር፤ ግን ተይ አላልኳትም። በቀን አንዴ እንኳ "ባልሽ" የሚለኝ ሰው ማግኘቴ ነው።

አቦቦ የሰፋሪዎች መንደር ወባ ገባና ተላክሁ። ቁልፉን ለእሷ ሰጠሁ። "ውሃ እንዳይጠማው፣ አደራ!" አልኳት፤ ስንቴ እንደደገምኩት እግዜር ይወቀው።

ስመለስ ከጭነት መኪና ወርጄ ደጄ ስደርስ፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና መጣች።

"እህቴ፣ ባልሽ ሞተ።"

ቀልዱ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ሰው ሲሞት እያየሁ ነው ከአቦቦ የመጣሁት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ መሬት ላይ ወድቄ፣ ደረቴን እየደቃሁ ጮህኩ። ሰፈሩ ወጣ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ደረሱ፤ የጎረቤቴ ዘመዶች በቋንቋቸው አለቀሱ። እሷም አብራን ታለቅሳለች። በኋላ አንድ ሽማግሌ እንባቸውን ጠርገው፣ "የት ነው የወደቀው? መርዶውንስ ማን አመጣው?" ሲሉ ነው ነገሩ የወጣው።

"እዚህ ነው፣ መስኮት ላይ" አለች። "እኔ ውሃ ሰጠሁ። ጠዋት ሰጠሁ፣ ማታ ሰጠሁ። እሱ ታች በሰበሰ።" ከዚያ ፊታችንን አየችና፣ "ደጋ ሰው ለቅጠል እንዲህ ያለቅሳል፣ እኔ አላወቅኩም" አለች።

አንዱ ሳቀና ሁሉም ተከተለው። ነጠላዬን አቃናሁ፣ አፈሩን አራገፍኩ። ቤት ገብቼ ግንዱን ስነካው ጣቴ ላይ ሟሟ። ከተተከለበት ቆርቆሮ ጋር አውጥቼ ጣልኩት፤ የሞተው ሰው አይደለም፣ ቅጠል ነው እያልኩ። ያን ምሽት ከስንት ጊዜ በኋላ እራት በላሁ። ጎረቤቴ ግን ከዚያ ወዲህ "ባልሽ" ብላ ቀልዳብኝ አታውቅም።

ደርግ ወደቀ። ከግንባር የተረፉት በእግርም በመኪናም ተመለሱ። እኔ ዘንድ እሱም አልመጣ፣ ማለዳ በር የሚያንኳኳ መርዶ ነጋሪም አልመጣ። ዘመዶቹ ቁርጡ ሳይታወቅ ለቅሶ መቀመጥ ሟርት ነው አሉ። ለቅሶ ያልተቀመጡለትን ሰው እንዴት አድርገው ይተዉታል? በር ሲንኳኳ እየደነገጥኩ፣ ጥቁር ሳልለብስ፣ ነጭም ሳያምረኝ ዓመታት ሄዱ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እህቴ" አለችኝ፣ "ያ ለቅሶ፣ ያኔ ደጅ ላይ ያለቀስነው፣ ለእሱ ይሁን?"

ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። "ወንድሜን" ያላለ አልነበረም።

"ይሁን" አልኳት።