የአክስቴ ድምፅ በሰው እጅ ሲላክ

ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ ሆኜ ቢፐሬ፣ ያቺ የጥሪ መቀበያዬ፣ ሦስት ጊዜ በላይ በላዩ ጮኸች። ሳን ሆዜ ያለችው አክስቴ ናት። ደንግጬ ደወልኩላት።

"ዛሬውኑ ና! የምርጫውን ወረቀት የምልክበት ሰው አጣሁ።"

ዜግነት ካገኘች ወዲህ የመጀመሪያ ምርጫዋ ነው። በፖስታ ልምረጥ ብላ ያመለከተችውም ራሷ ናት። ግን አክስቴ ቁም ነገር ያለው ወረቀት ለሰው ይሰጣል እንጂ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አይጣልም ባይ ናት።

አስፈቅጄ ከኦክላንድ ተነሳሁ። መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘጋግቷል። ፎል፣ ማለትም ቀዝቀዝ የሚለው የመኸር ወቅት፣ ገብቷል ይባላል፤ ማቀዝቀዣዋ የሞተባት መኪናዬ ግን ወሬውን አልሰማችም።

በላብ ተጠምቄ ደረስኩ። ፖስታውን በፌስታል ጠቅልላ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። "አደራህን!"

የፖስታ ሳጥኑ ከበሯ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ሄጄ ከተትኩት። ዞር ስል በመስኮት እያየችኝ ነው። ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ስጥለው አየችኝ፤ አለቀልኝ አልኩ።

እሷ እቴ! ፊቷ በርቷል። "አየህ? በሰው የላኩት ነገር ወዲያው ይደርሳል!"

እስቲ ንገሩኝ፣ ለሃያ እርምጃ መንገድ አንድ ሰዓት ያስነዳችሁ ዘመድ የእኔ ብቻ ነው?